ስድስተኛው ጥያቄ

ጥር ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤
ውርጭ ገና አልለቀቀም የአዳራሹን መስታወት።
ከሞላሌ፣ ከደነባ፣ ከእነዋሪ፣ ከአንኮበር
አርባ ሁለት ልጆች በአርባ ሁለት ወንበር፣
ትንፋሻችን ይጨሳል እንደ ድስት ከንፈር።

አምስቱን ሠርቻለሁ። አምስቱ ደግ ነበሩ፤
እንደ ሰፈር ውሻ ጮኸው፣ ሲለዩኝ የሚያፍሩ።
ስድስተኛው አልጮኸም።
አንድ መስመር ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ነጥብ፣
ደጁን ገርበብ አድርጎ የሚጠብቅ ቤት ይመስል፦

ለየቁጥሩ ቁጠርለት ከሱ የማይዛመዱትን፣
ከሥሩ ካሉት መካከል አካፋይ የማይጋሩትን፤
ሁለትን በቁጥሩ ልክ በራሷ ላይ አባዛና
አንድ ቀንስ፤ በዚያ አካፍል፤ ቀጣዩንም እንዲሁ አድርግና
ደምር። አታቁም።
ስንት ነው?

በጣት ጀመርኩ። አንድ። ሲሶ። ሁለት ሰባተኛ።
ሁለት ዐሥራ አምስተኛ። አራት ሠላሳ አንደኛ።
ድምሩ ዳገት ይወጣል እያሳጠረ እርምጃ፣
እንደ ጫነ አይሱዙ በጣርማ በር መታጠፊያ፤
ሁለት ከላይ ትታያለች፣ ጉም ውስጥ ያለች ድንጋይ።
ግን ማየት መድረስ አይደል፤ ጥርጣሬም አይሆን ማስረጃ።

ከፊቴ የተቀመጠችው የአንኮበሯ ልጅ
እርሳሷን ሦስተኛ ጊዜ ቀረጸች።
የፈታኙ የመምህር እንግዳወርቅ ጫማ ሲጢጥ ይላል፤
ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ያለ ምሕረት ይቀንሳል።
ብርድ አንዘፈዘፈኝና ባናዬን ሳብኩት ወደ አንገቴ፣
ጋሽ ሸዋንግዛው የሠራውን፣ መሐል ሜዳ፣ ከኛ ጓሮ ማዶ፣
የሚቧጥጠውን፣ ጥቁርና ቡላውን።

ልጅ ሆኜ ጠይቄው ነበር፦ "ስንት ቦታ ይገናኛል ክሩ?"
"በድሩ ብትቆጥር፣ በማጉ ብትቆጥር፣" አለኝ፣ "ያው ነው ቁጥሩ።
ብርዱ እንደሁ አይጠይቅህም ከየት ጀመርክ ብሎ።"

ጣቴ ባናው ላይ ቆመ።

አንድ ተቀንሶበት የጎረበጠውን እያንዳንዱን ክፍልፋይ
ተረተርኩት። ክር ሆነ፤
በሁለት ርቢዎች ላይ በራሱ ቁጥር ልክ
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ሳያርፍ የሚዘልል።
ክሮቹን አግድም ዘረጋሁ። ከዚያ ቁልቁል አነበብኩ።

በዐሥራ ሁለተኛው ዓምድ ማን ቆሟል?
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ራሱ ዐሥራ ሁለት፤
አካፋዮቹ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ባይተዋሮቹን ይዞ፦
አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት።
ደመርኳቸው።
ዐሥራ ሁለት!
ዘመድ የለንም ያሉት ሁሉ ተሰብስበው
ባለቤቱን ራሱን ሠሩት።

የቀረው ቁልቁለት ነበር። አንድ ሁለተኛ፣
ሁለት አራተኛ፣ ሦስት ስምንተኛ፣
እንደገና ድርና ማግ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣
ድምሩ እየታጠፈ፣ እየታጠፈ፣ ሁለት ላይ ተኛ።

ጻፍኩት። ደወሉ ጮኸ። ወረቀቱን ሰጠሁ።

ማታ አውቶቡሱ መዘዞን ሲያልፍ አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ፦
ቅደም ተከተሉን መለወጥ ማን ፈቀደልኝ?
ማለቂያ የሌለው ድምር፣ አንዳንዱ፣ ቦታ ሲያቀያይሩት
ይቀየማል፤ ሌላ መልስ ይሰጣል።
ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ምክንያቷን፣ አልጻፍኳትም።
ምናልባት ሁለት ነጥብ። ምናልባት ሽልማቱ።

ጋሽ ሸዋንግዛው የበግ ጠጉር ሲነድፍ አገኘሁት።
ነገርኩት፣ እንዲያው ለወጉ።
ቁጥሩ አልገባውም። ክሩ ግን ገባው።
ደጋኑን ሳያስቀምጥ፣
"ወደ ኋላ የሚጎትት ክር አለበት?" አለኝ።
"የለም። ሁሉም ወደ ፊት ነው።"
"እንግዲያው፣" አለ፣ "ከየትም ቁጠረው።"