ተቆርጠው የወጡ

ኖልቤርቶ ካሜራውን ከጣራዋ ጫፍ ላይ ሲያስር
የቃል ነበር ውላቸው፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ምስክር፦
እሱ በየወሩ ትንሽ ኪራይ ሊከፍላት፣
እሷ ጧት ጧት መሰላል ወጥታ ሌንሱን ልታብስለት።
ደቡብ ቺሌ ነው፤ ዝናቡ እዚያ ባለርስት፣
ሰው ጭሰኛ ነው፣ መስታወት ጠላት።

በየዐሥር ደቂቃው አንዴ፣ ቀጭ።
ቀጭ፤ ጀልባዋ መኪና ጭና በሰርጡ ታዘግማለች፣
ቀጭ፤ ብረት የተሸከመች መርከብ መጥታ ቆማለች፣
ቀጭ፤ ጭጋግ። ቀጭ፤ ጭጋግ። መሽቶ ሲነጋ
ቀጭ፤ የባሕር ወፍ አንድ ዓይኗን ለሌንሱ ስታስጠጋ።

እንዲህ አራት ዓመት።
ኦርፌሊና ከሰባ አንድ ወደ ሰባ አምስት፣
ድልድዩ ከምንም ወደ ሁለት ሺህ ሜትር።

በምረቃው ማታ፣ በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም፣
አራቱ ዓመት ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።
ምሰሶው እንደ በቆሎ ከውሃ ውስጥ በቀለ፣
ፀሐይ እንደ ተወረወረች ብርቱካን፣ ቀኑ ሳይውል ዋለ።
ሦስት መቶ ሠራተኛ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤
ለዓይን የቆየው የቆመው ነው። የሮጠ፣ የለፋ
ከምስል እስከ ምስል ባለው ክፍተት ሰመጠ።
ከሁለት ወገን የመጣው መንገድ አየር ላይ ተጨባበጠ፤
አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«የኔስ?» አለችው ኦርፌሊና፣ መውጫው በር ላይ ጠብቃ፣
«ጧት ጧት እጄ እዚያ ውስጥ ነበረች እኮ!» ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ ጨርቅሽ ያለበትን በሙሉ
አውጥቼዋለሁ። በኛ ሙያ እንከን ነው ይህ ሁሉ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለው።
የጣለውን ለቀመና እንከን በእንከን ላይ ቀጠለው።

እጅ። ጨርቅ። እጅ። በጣቶቿ መሃል ቀጭን ሰማይ፣
በጣቶቿ መሃል ክሬን፣ የተንጠለጠለ ብረት የሚታይ።
ጨርቁ መጀመሪያ የወንድ ሸሚዝ ነበር፣ ሰማያዊ፣ ከነቁልፉ፤
በሁለተኛው ክረምት ቁልፎቹ ረገፉ።
በሦስተኛው ቀለበቷ ላላ፣ ወደ አውራ ጣት ተሻገረ፣
ከዚያ የለም። ጨርቁ ግን ነበረ።
ድልድዩ ሲረዝም እጇ ከሳ፤
የጎደለው አንድ የነሐሴ ሳምንት ነው፣ ሳንባዋን ታማ ወድቃ ሳትነሳ።

ስልኩን ይዞ ቤቷ ሄደ። ዝናብ ነው። ደፍ ላይ ቆመው
አሳያት። አየችው። ደግሞ አስደገመችው።
መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገች፣
መልሳ አጠለቀች። ጣቷን ከምስሉ ጥግ አሳረፈች፦
«ይቺን ነጥብ፣ እዚህ ጋ፣ አየሃት?
አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠርጋት!»