አራት ምት ዝምታ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የአዳማ ነፋስ አሸዋ ሲዘራ፣
እንሰበሰባለን ፍራንኮ ጁስ ቤት፣ ስለ እሱ ልናወራ።
ስለ ለሜቻ ነው።
"ጅራፉ" ነበር ያወጡለት ስሙ፤
ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፣ ይሉት ነበር የሰሙ።
የወንጂ አገዳ ቆራጭ ልጅ፣ ጣቶቹ ጠባሳ፣
አንዲት ክር ሲነካ የባቡር ጣቢያው ውሻ ሁሉ የሚነሳ።

በስተርጅናው የውሃ ፓምፕ ጠገነ፤ ጊታሩን ሸጦ ቆርቆሮ ገዛ፤
ዛሬ ሁሉም ጓደኛው ነበር፤ የሞተ ሰው ወዳጁ በዛ።
የቀረን አንድ ካሴት ነው፣ አንድ ምሽት፣ አንድ ዜማ፣
ሲገለበጥ ሲገለበጥ ውሃ እንደበዛበት ሽሮ የቀጠነ፣
ግን አሁንም የሚሰማ።

ኸይረዲን ጎሚስታው ይጀምራል፣ ግራሶ የነካው እጁን አንስቶ፦
"የሐዋሳው ልጅ ነው የተጫወተው፣ አንዲት ኖታ ሳይስት፣ አጥርቶ።"
"አጥርቶ?" ትላለች ውዳላት፣ የድሮዋ ትኬት ቆራጭ፣
"ማጥራት ብሎ ነገር ምንድን ነው? ድፍርስ ነው የለሜቻ ምንጭ!"
ጉርሜሳ ደግሞ በሠርግ ኪቦርድ የተሠራውን ይወዳል፤
"ሰው ያስጨፈረ ሙዚቃ ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋል?"
"በኪቦርድ!" ብላ ውዳላት የማንጎ ብርጭቆዋን ገፋች፤
ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው መጣች።

አንድ ነገር ላይ ግን የሁሉም ቃል አንድ ነው፦
መሃል ላይ፣ ጊታሩ ጫፍ ሊደርስ ሲል፣ ጸጥ የሚለው።
አራት ምት።
ከዚያ እንደ ናዳ መመለስ።
"ሰዓት እላፊውን ነው ያሾፈበት" ይላል ጉርሜሳ፣ ዛሬም ድምፁን በመቀነስ።
"ሰሙ ጊታሩ፣ ወርቁ ዝምታው" ይላል ኸይረዲን፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ውዳላት "አልቅሶ ነው እንጂ፣ እንባው ክሩን አንሸራትቶት፣ ሆድ ብሶት ሆኖ።"
የሐዋሳው ልጅ አራት ይቆጥራል። የሠርጉ ኪቦርድ ሦስት።
በዚያች አንዲት ምት ሳቢያ አንዴ ወንበር ተወርውሯል፣ ተሰብሯል የጁስ ቤቱ መስታወት።

እኔ ገለባዬን እነክሳለሁ።
ካሴቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ማንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለ ስድስት ባትሪ ቴፕ ተበድሬ፣
ከመድረኩ ግርጌ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።
ጫፍ ሊደርስ ሲል አስተናጋጁ ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለና፣
"ሂሳብ" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁና፣
ድምፁ እንዳይገባ
የቴፑን ማይክ በመዳፌ ከደንኩት፤
በሌላው እጄ ኪሴን በረበርኩ፣ ሳንቲሙን ቆጠርኩት።
ሁለት ቢራ። ስሙኒ ጎደለኝ። ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ሰጠሁ።
መዳፌን አነሳሁ።

ይኸው ነው።
ቅኔም አይደል፣ እንባም አይደል፣ የሰዓት እላፊ ስላቅም።
ጊታሩ አላረፈም ነበር፤ ምን እንዳለ ግን አላውቅም።
ከሁሉ የከፋው፣ እግሩ ስር ተቀምጬ፣
ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ ስሙኒ ላይ አፍጥጬ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ መጣ፣ ፊራኦል የሚሉት፤
ጊታሩን ከባጃጅ አወረደ። የአቮካዶው መፍጫ ተነቀለለት።
ጀመረ። ደህና ነው። ትንሽ ይፈጥናል።
ጫፍ ሊደርስ ሲል ሁላችን በሆዳችን መቁጠር ጀመርን፣ አንድ፣
ልጁ ግን ዝም አላለም።
ሞላው።
የራሱን፣ ውልግድግድ ያለ፣ ገና ያልበሰለ ነገር፣
ባጃጅ ዳገት ላይ ሲጨነቅ፣ ሕፃን ሲኮላተፍ የሚመስል ንግግር።

"ነውር ነው!" አለ ኸይረዲን። ጉርሜሳ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።
"ማን አስተማረህ?" አለች ውዳላት።
"ማንም" አለ፣ ላቡ ባፍንጫው እየወረደ፤ "ባዶ ነበር። ገባሁ።"

እኔም አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።
ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የሰገደለትን ባዶ
አሁን በስሙኒ ልመንዝርላቸው?

አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ "ሂሳብ" አለችኝ።
"ቆይ" አልኳት።
"ልጄ፣ እስቲ ያቺን ቦታ ድገማት።"