የዳትሰኑ ኮፈን

ከፋኑኤል ጋራዥ ጓሮ፣ ጎማ አልባዎቹ መሃል፣
ቀይ ኮፈን ነበረ፣ ጫፉን ዝገት በልቶታል።
ስንገለብጠው፣ ትልቅ ማንኪያ ነው፤
አራት ልጅ ቢጭኑት ገና ቦታ አለው።
ገመድ አሰርንበት፣ የልብስ ማስጫ፤
እሱው መሪያችን ነው፣ እሱው እጅ መላጫ።

ቦት ጫማችን ውስጥ የዳቦ ላስቲክ፣
በየእርምጃው ቸርክ፣ ቸርክ፣ ቸርክ።
ኤድመንተን፣ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን፤ ማን ቆጥሮት!
ኮፈኑን ጎተትን፣ ሰባት መንገድ አልፈን፣
የአውቶቡስ ሾፌር ጡሩምባ ነፍቶብን፣
እስከ ወንዙ አፋፍ።

ከታች ሳስካችዋን፣ ነጭ፣ ዝም ያለ፣
መሃሉ ላይ ግን አንድ ጥቁር መስመር አለ።
«እሱ ያልተኛ ውሃ ነው» ይለናል ዳረል፣
አያቱ ነግረውት። «አትመኑት» ይላል።
አላመንነውም። ግን አልቀረንም።

ምንትዋብ ከፊት፣ እኅቴ፣ ገመዱ በእጇ፤
የጮኸ ይወርዳል፤ ይህ ብቻ ነው ሕጓ።
ከኋላዋ ታራስ፣ ጓንቱ ሁለቱም የግራ፣
ከዚያ ዳረል። መጨረሻ እኔ፣
አቡነ ዘበሰማያትን ከመሃል የምጀምር፣ ስፈራ።

ገፋን።

መጀመሪያ ዝም። ከዚያ ብረቱ ዘፈነ፤
ቁልቁለቱ ጠጣን፤ ዓይናችን በበረዶ ተከደነ።
አኻያው በግራ፣ ድንጋዩ በቀኝ፣
አንዱ ቅርንጫፍ ቅንድቤን ሲቀጣኝ
ልጮህ ነበረ፤ ሕጉ ትዝ አለኝና ዋጥኩት፤
ጣዕሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁት።
ምንትዋብ ገመዱን በሙሉ ክብደቷ ሳበች፤
ኮፈኑ ዞረ፤ ሰማይ ከእግራችን በታች።
ስንቆም፣ ከጥቁሩ መስመር አርባ እርምጃ፣
የታራስ ጥርስ በረዶው ላይ፣ ደሙ ለማስረጃ።

ሳቅን። ምን ልበላችሁ፣ እስኪያመን ሳቅን።
«እንደገና!» አለ ታራስ፣ ደም እየተፋ፤
ብረቱን ጎትተን ወጣን፣ ዳግም ልንገፋ።

ለእማዬ ያልናት፣ «ደረጃ ላይ ወደቀ።»
ቅንድቤን አጠበች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀ።

ሠላሳ ስንት ዓመት።
ባለፈው ጥር፣ ለልጄ ሄልሜቷን ሳስር፣
አገጯ ሥር ስስብ፣ ደግሜ ስቋጥር፣
እማዬ ከሶፋው ላይ አየችኝና ሳቀች።
«ያ የዳትሰን ኮፈን የት ደረሰ?» አለች።

እጄ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስወለውል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣
አንድ ቀይ ነገር ሲወርድ አየሁ፣ እንደ መብረቅ።
መስታወቱን በመወልወያው ዘንግ ደበደብኩ፤ ማን ሰምቶ!
መሃላችን ያ ሁሉ ወንዝ ተኝቶ።
ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ነበራችሁ።
አንድ ተነሳ። ሁለት። ሦስት።
ትንሹ ቆየ።
አራተኛው ሲነሳ ባልዲዬን አነሳሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።
«ሳቃችሁ ከዚያ ድረስ ይታይ ነበር» አለች፣
«ትከሻችሁ ሲንቀጠቀጥ።
ሁለተኛውን ዙር ግን አላየሁም፤
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ወለወልኩ።»

ሄልሜቱን አላወለቅኩም፤ ያን ያህል ደፋር አይደለሁም።
ደግሜ የቋጠርኳትን ብቻ ፈታሁ።
ልጄ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች።
እማዬ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣
ጉሙን በመዳፏ አበሰች።
«አንድ» አለች።