በሴንቲሜትር አንድ ወር

ነፋስ ሰው በሚያጎብጥበት፥ በፑንታ አሬናስ ዳርቻ፣
ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሁለት ወንበር፥ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ብቻ።
አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ማካሬና የምትባል ልጅ መጣች፤
"ከማጅራት ከፍ ብለሽ፥ ከሥሩ፥ አራት ሴንቲ ቁረጪልኝ" አለች።
"ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ያድጋል፤ ሥሩ ደም ጠጥቶ ይኖራል፤
ከኩላሊት አናት ያለች እጢ ሰው ሲጨነቅ ትነቃለች፥ ኮርቲሶሏ ይፈሳል፤
የፈሰሰውን ደም ይሸከማል፥ ፀጉር ይጽፈዋል።"
"ፀጉር ስንጠቃ!" ብዬ ሳቅሁ።
እሷ አልሳቀችም። መቀሴን በአልኮል አጸዳሁ።

በጥቅምት ሱኒልዳ ተቀመጠች፤ የሸርጣን አጥማጁ የአብዶን ሚስት።
በሐምሌ፥ ፀሐይ ዘግይታ መጥታ ቶሎ በምትሰናበትበት፣
ጀልባው በባሕሩ ሰርጥ ጠፍቶ፥ ዘጠኝ ቀን ከዘጠኝ ሌሊት
ሬዲዮ ታቅፋ ነበር፤ ጡት እንዳልጣለ ልጅ።
በዐሥረኛው አብዶን መጣ፤ ጢሙ ጨው ለብሶ፥ ከነነፍሱ፥ ቆመ ደጅ።

"ከነዚያ ቀኖች ምን ቀረሽ?" አልኳት፥ ፀጉሯን ለሁለት ከፍዬ።
"የማንቆርቆሪያው ክዳን" አለች፤ "ሌላውንማ ከየት ብዬ!
ቀይ ቀለሙ ተልጦ፥ ደሴት የመሰለው ቦታ፤
የወደብ ሹሙ ኮት፥ አንዷ ቁልፍ ያለ ቀዳዳዋ ገብታ።
እነዚህ ይኸው፥ ከመስታወትሽ በላይ ይታዩኛል ጠርተው።
የእህቴን ስልክ ግን፥ ሃያ ዓመት የደወልኩትን፥ ብፈልገው ብፈልገው..."
ዝም አለች። ማን እንዳበላት፥ ማን እንዳቀፋት አታውቅም፤
አንድ ፊት እንኳ አልቀረላትም።

ለማካሬና ነገርኳት። "አድሬናሊን ነው" አለች፤ "ድንጋጤ ሲያንኳኳ በሩን፣
አንዲት ጥግ ላይ ያቆማል ፋኖሱን፤
ለቀረው ቤት ጨለማ።"
መልስ አልሰጠሁም፤ ጆሮዬ ላይ ያ ክዳን ይንቀጫቀጭ ነበር፥ አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማ።

በታኅሣሥ ሱኒልዳ ወረቀቷን አጣጥፋ አመጣች፤ መነጽሬን አደረግሁ።
ሐምሌን ከመስመሩ ጫፍ፥ ከተራራው አናት ፈለግሁ።
ሐምሌ ከፍ ብሏል፤ እውነት ነው። ጫፉ ግን እዚያ አልነበረም፤
ጫፉ መስከረም ነው። አብዶን ቤት ገብቶ፥ ሁሉ ሰላም በተባለ መስከረም።

ጎረቤት ኬክ አምጥቶ፥ ቄሱ አመስግኖ በሄደ በወሩ፣
ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ፥ ጆሮውን ደቅኖ በበሩ
ነፋስ ሲያዳምጥ፥ እሷ ትንፋሿን ቆርጣ እሱን ስታዳምጥ፤
ሲጠፋ የጠበቀችው ሴት፥ ሲገኝም ጠባቂ ሆና ስትቀመጥ።
"ሳይመጣ ፍርሃቴ ስም ነበረው" አለች፤ "ባሕር ይባል ነበር።
አሁን ምን ልበለው? አጠገቤ ተኝቷል፥ ሸሚዙ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ምን ልናገር?"

አብዶንማ ወጥመዶቹ ፊት ይቀመጣል፤ ገመድ አንሥቶ ይጥላል።
"ባሕሩን ፈርቶ ነው" ይባላል።
ማካሬና፦ "ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ዶፓሚን የሚሉት አለ፤
ደስታ አይደለም፥ ደስታ ወዳለበት እግርን የሚያነሣ፤ እሱ ነው የዛለ።"
በዚያ ቤት የሚያነሣው ውሻው ነው፤ ቡት ጫማውን በአፉ ይዞ
በማለዳ ከአልጋው ሥር ይቆማል፤ ሰውየውም ይከተለዋል፥ ተክዞ።

ትናንት ራሷን ሳጥብላት፥ ውሃው ለብ ብሎ፥ ጣቴ ከጆሮዋ ኋላ፣
እንቅልፍ ወሰዳት፤ አንገቷ እንደ ሕፃን በእጄ ላላ።
"ይህስ? ይህም ይጻፋል?" ብዬ ማካሬናን ጠየቅኋት በስልክ።
"ሌላ ሆርሞን ይሆናል" አለች፤ "እኛ ለእሱ አልያዝንም ልክ።"

ማታ መጥረጊያዬን አነሣሁ። ወለሉ በወራት ተሸፍኗል፤
የሙሽሪት ግንቦት ከባልቴቷ ጥር ጋር ተጠላልፏል።
አፍሼ በሩን ስከፍተው፥ ነፋሱ ከእጄ ነጠቀው፤
ወደ ወደቡ ወሰደው።

ሱኒልዳ ግን ስትወጣ አስጠንቅቃኛለች፦
"ከሥሩ አዲስ የበቀለውን አትንኪው፤
እሱ ገና ነው። ምን እንደሚል እኔ ልየው።"