አቧራ አስተኚው

የኔ ሥራ ውሃ ነው፤ ቱቦ ትከሻዬ ላይ ጠምጥሜ፣
ሌላው ቤት ሲያፈርስ፣ አቧራ አስተኛለሁ፣ ከጥጉ ቆሜ።

ሙሐረቅ ላይ፣ በነሐሴ፣ ባሕሩ እንደ ድስት ሲተነፍስ፣
ጎሕ ሳይቀድ ሸሚዛችን ረጥቦ ጀርባው ጨው ሲለብስ፣
ከጠባቡ መንገድ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
አንድ ቤት ላይ ተላክን፤ ማንም የማይወጣ፣ ማንም የማይገባ።
በሩ ላይ የባለዲያው ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ቀይ ቀለም፦
«አደገኛ ነው። ይፈርሳል። በውስጡ ሰው የለም።»

እውነት ነው፣ አደገኛ ነው። ከባሕር የተቆረጠው ድንጋይ
እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል፤ በጣሪያው ይታያል ሰማይ።
የቴምር ግንዱን ምስጥ በልቶት ወገቡ ጎብጧል፤
ሰገነቱ ወደ ጎረቤት፣ ሊያማ እንደመጣ ሰው፣ አዘንብሏል።
ባለፈው ጥር፣ በዚያች ባንዲት ሌሊት ዝናብ፣ ማዕዘኑ ተንዶ
የሰፈር ልጅ ብስክሌት ደፈጠጠ፤ ልጁስ ተረፈ፣ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ።
ስለዚህ ይፍረስ። ማንም አላለቀሰም፤ እኔም አላለቀስኩም።
የማላውቀው ቤት ነው። ደጁን ረግጬ አላውቅም።

መብራቱ ተቆረጠ። ድመቷ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ወጣች።
ጉርባክስ፣ የማሽኑ ሹፌር፣ ጥምጥሙን አጥብቆ የብረቱን ክንድ አነሣ፤
ከሰገነቱ ላይ ካለችው ክፍል፣ ካልጋ ጥቂት ከምትሰፋ፣
የውጩን ግድግዳ ገሸለጠ፤
ከዚያ
ሞተሩን አጠፋ።

ውስጡ ጽሕፈት አለ።
በሚስማር የተጫረ፣ ከወለል እስከ መስኮት፣ ከጥግ እስከ ጥግ።
ዐረብኛ አይደለም። ሂንዲ አይደለም። ቤንጋሊም አይደለም።
ኢንጂነር ፈዋዝ ሄልሜቱን አውልቆ ራሱን አከከ።
ሻፊቁል ወደ ኋላ ሸሸ፦ «ሲሕር ነው! የነካው እጅ ይሰላል!»
«ሐበሻው! አንተ ባለውሃው! ና እስቲ፣ ያንተ ፊደል ይመስላል።»

ፍርስራሹን ተራምጄ ወጣሁ። ሰፋፊ ፊደል፣
«ሀ»ን ከ«ሐ» የማይለይ፣ የአራተኛ ክፍል እጅ።
«ጦይባ ይመር፣ ከሐርቡ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ዝርዝር፦
«ለመሠረት ድንጋይ፣ የሁለት ወር። ለባሕር ዛፍ ማገር፣ የሦስት።
ለጭድ። ለአናጢው። ደግሞ ለአናጢው፣ የፊቱን በልቶት።
ቆርቆሮ ሠላሳ። የቀረ ሠላሳ። ሚስማር አልተገዛም።»
ከዚያ ጭረት። ዐሥራ አንድ ጭረት፣ በያንዳንዱ አጠገብ አንድ ቃል፦
«አልሰጡኝም።»

ከዐሥራ አንደኛው በኋላ ግድግዳው ባዶ ነው።

«ምን ይላል?» አለ ኢንጂነሩ። ሁሉም አፌን አዩ።
«ሒሳብ ነው» አልኩ።
«የምን ሒሳብ?»
«የቤት።»
ተነፈሱ። ሳቁ። ሻፊቁል እንኳ ሳቀ፣ ግንባሩን ጠርጎ።
«የዚህ ቤት ሒሳብማ ተዘግቷል! በል ቀጥል፣ ጉርባክስ።»

ልጨምር እችል ነበር። ግን ዐረብኛዬ
«ውሃ ክፈት፣ ውሃ ዝጋ» ነው፤ ከዚያ አይሻገርም።
ደግሞስ ለማን? ባለቤቶቹ የት እንደገቡ ባለዲያውም አያውቅም።

ቱቦዬን ከፈትኩ። ውሃው ከአቧራው በፊት ግድግዳውን ነካው፤
በደረቁ ያልታየኝ አንድ መስመር፣ ሲርስ፣ ጠቁሮ ወጣ፣
ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ተኝታ የጻፈችው ይመስል፦
«በሩን ወደ ምሥራቅ አድርጉት።»

ከዚያ ክንዱ መጣ።

ዓርብ ዕለት ወደ ሐርቡ ደወልኩ፣ ለታናሼ ለእንድሪስ።
«ሠላሳ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሠላሳ የጎደለው፣
በሩ ወደ ምሥራቅ የዞረ ቤት፣ በዚያ በኩል ታውቅ ይሆን?» ብለው
ዝም አለ። ነፋስ ይሰማኛል፤ የባጃጅ ጥሩምባ።
«ግማሽ ጣሪያ?» አለኝ ቆይቶ።
«ከአስፋልቱ ማዶ ብቻ ሰባት አሉ፣ ሰው ያልገባባቸው።
የትኛውን ነው የምትለኝ?»