ግራው ፔዳል

በሚያዝያ አጋማሽ፣ የፔትሳ ጫፍ በረዶ ገና ሳይለቅ፣
ካርቶኑን አቅፌ ወጣሁ ሦስተኛ ፎቅ።
ከእኔ ይረዝማል፣ ከእኔም ይከብዳል፤
ደረጃው በዞረ ቁጥር ግድግዳ ይቧጥጣል።

በዳቦ ቢላዋ ፕላስተሩን ስቀደው
የአዲስ ጎማ ሽታ ወጥ ቤቴን ወረሰው።
ወንበሩን ገፋሁት፣ ጠረጴዛው በጎን፣
ወለል ላይ ዘረገፍኩ ያን ሁሉ ብሎን፣
ያን ሁሉ ዳዶ፣
እንደ በሬ ጥንድ ጥንዱን ተጠምዶ።

መመሪያው በዘጠኝ ቋንቋ ይለፈልፋል፤
የስሎቬን ቋንቋ ግን ከመሃሉ ጎድሏል።
የቀረልኝ ሥዕል ነው፤ ፊት የሌለው ሰው፣
በቀስት ብቻ እያዘዘ ጣቴን የሚመራው።

እኔ ሞይትሳ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣
ለሦስት መቶ ልጅ ሾርባ የማማስል፣ ለጨው በጣቴ ዳኛ፣
ዛሬ ጥብቀት በቁጥር ሆነብኝ፤ "አምስት፣ ከዚያ አይለፍ" ይላል መፍቻው፤
ጠቅ ሲል እጅሽን አንሺ፤ ከዚያ ወዲያ ስብራት ነው።

ማኑብሪዮው ቆመ። በአንድ ዓይኔ አነጣጥሬ
ከጎማው ጋር አሰለፍኩት፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።
ቀኙ ፔዳል ወደ ቀኝ ሲዞር ገባ፣ ተደላደለ፤
ግራውን በዚያው ባዞረው አሻፈረኝ አለ።
ባባብለው፣ ብሰድበው፣ ጥርሱን እንደነከሰ።
ግራ ገባኝ።
ግራው ግን አልገባም።

ሥዕሉን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ቀስቱ ወደ ግራ ይዞራል።
ለካስ በተቃራኒው ሲያዞሩት የሚጠብቅ ነገር ኖሯል!
ዐሥራ አራት ዓመት ትዳር፣ ወደ አንድ ወገን ስጠመዝዝ፣
ይችን ቀስት የሚስልልኝ አጥቼ ነበር ያ ሁሉ መዘዝ።

የኋላ ጎማውን ሰቅዬ፣
ሩብ ዙር ወደ ውጭ፤ ካቴናው ይንጫጫል።
ሩብ ዙር ወደ ውስጥ፤ ያጉረመርማል።
ከሩቡ ላይ ሩብ ቀነስኩ፤ ስምንት ላይ ይስማማል፣
ዘጠኝ ላይ ይጣላል።
ፍሬኑም ዲስኩን ሲልስ ሽው፣ ሽው ይላል፤
የቤተ መጻሕፍት ካርዴን በመሃል ሰካሁ፣ አጠበቅሁ፣ አወጣሁ፤
ክፍተቱ እንደ ፀጉር ቀጠነ፤ ብርሃን ሲያልፍበት አየሁ።

እኩለ ሌሊት አልፏል። አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፤
ኮርቻው ላይ ስቀመጥ ቂው እያለ፣ እየመረረ፣
የማላውቀው ጉድጓድ ውስጥ እንደ አይጥ የሰፈረ።

ከዚያ ከወለሉ ስር፦ ኳ። ኳ። ኳ።
የመጥረጊያ እንጨት።
ቀጥሎ ደረጃው ላይ ሳል።

ኢቫርትኒክ ነው፤ በፒጃማ፣ በሱፍ ካልሲ፣ ፂሙ የቆመ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከፔትሳ ሆድ እርሳስ ሲያወጣ የከረመ።
"ይቅርታ" ልል ስጀምር እጁን አነሳ፤
"ዝም ብለሽ ተቀመጪበት፤ ያ ድምፅ እንደገና ይነሳ።"
ማቀዝቀዣውን ተደግፌ ወጣሁ። ቂው አለ።
ተንበረከከ። ጉልበቱም ቂው አለ።
ቱቦው ላይ ጆሮውን ጣለ።

"የዋሻ ድጋፍ እንጨት" አለኝ፣ "ሳይሰበር ያወራል፤
የሰማ ይወጣል፣ ያልሰማ ይቀራል።"
ሌላ አልጨመረም።
"ማርሹም አይደለም፤ ፍሬኑም አይደለም።
ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ደርቋል፤ ግራሶ አላየም።"
ነቀልኩት። የኬክ ቆርቆሮ እንደምቀባ በጣቴ ስቀባው፣
"ከዚያ ያነሰ!" አለ፣ "ቅባት ሲበዛ መንሸራተት ነው።"

ከዚያ ምንም።
ጎማው ብቻ፣ በአየር ላይ፣ ጥጥጥጥጥ፣
እሱም ጣቱን እንዳነሳ፣
ብዙ ቆየ፣ እስኪቆም።

"ስንት ከፈልሽ?" ግማሹን ነገርኩት፤ በግማሹም ደነገጠ፤
"በዚህ ገንዘብ እኮ ድሮ..." ብሎ ቃሉን ቆረጠ፣
ድሮ ምን እንደሚገዛ ሳይነግረኝ ወጥቶ አመለጠ።

ሲነጋ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ብሎን ተርፋ አየኋት፤
በየቀዳዳው ለካኋት፤ አንዱም አላወቃት።
ብስክሌቱን ነቀነቅሁ፣ አነጠርኩ፤ የወለቀ የለም።
እንግዲህ ኪሴ ትግባ፤ የጎደለችበት ካለ
ዳገቱ ላይ ይጠይቀኛል፤ አያፍርም።

በትከሻዬ አወረድኩት። ቁልቁለቱ ይጀምራል ከበሩ ላይ።
ግራ እግሬ ግራው ፔዳል ላይ።
የኢቫርትኒክ መስኮት፣ በዚህ ብርድ፣ ወለል ብሏል፤
ፊቱ አይታይም፤
ጆሮው ብቻ፣ መጋረጃው ጠርዝ ላይ።