ራስጌዋ ባዶ ወረቀት

ዝናብ ነበር። በቺሎዌ ዝናብ ወሬ አይደለም፤
«ዘነበ» ብሎ ሰው ለሰው አይናገርም።

ኤዱቪና ቺጓይ ማተሚያ ቤቴ ስትገባ፣
ካፖርቷ በወለሌ ላይ ውኃ ሲያነባ፣
በብብቷ ሥር ግን ደብተሯ ደረቅ ነው፣
እንደ ታመመ ጫጩት አቅፋ ያመጣችው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቡ መስኮት
ትኬት የቆረጠች፣ ዘንድሮ ጡረታ ያወጧት፣
አሁን መጻፍ አማራት። በየአሥራ አምስት ቀን
አንዲት ነጠላ ገጽ፦ የድንቹን ዋጋውን፣
የጠፋ በግ ምልክት፣ የባሕሩን ሙላት፣
ንፋስ ማንን ጎብኝቶ ጣራ እንደነጠቀበት።

ሁሉም ተጽፏል። ተነቧል። አምሯል።
ራስጌዋ ብቻ ባዶ፣ ስም ይጠብቃል።

«አሥራ ሰባት ስም አለኝ» አለች ደብተሯን ከፍታ።
«አንብቢ» አልኳት እኔም፣ ወንበር ስቤ ላንድ አፍታ።

«የደሴቲቱ ድምፅ።»
   «የትኛው ድምፅ? የአሳማው? የመጋዙ? የቄሱ?
   ሁሉም ደሴቱን ነን ባዮች ናቸው ሲነሱ።»
«ብርሃን ብላትስ?»
   «የመብራት ሒሳብ መስላቸው ሳያነቡ ይፈሯታል፤
   እንደ ሒሳቡም አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይደብቋታል።»
«ማዕበል።»
   «እሱማ የሮሳሜል መጠጥ ቤት ነው፤
   ‹ባሌን ማዕበል ወሰደው› ብትል የሚያለቅስላት ማነው?»
«እውነት» አለችና እራሷው ደንገጥ ብላ፣
«የድንች ዋጋ ብስትስ?» ሰረዘችው ቸኩላ።
«በራስሽ ስምስ?» ብላት ፊቷ ቀላ፤
«የኔ ስም መቃብሬ ላይ ይጻፋል ኋላ፣
እዚያ አንዴ ነው የሚከፈለው።»

አርባ ዓመት ስም ሳትም የተማርኩት ይቺን ነው፦
ጥሩ ስም በዓይን ሳይሆን በጩኸት ነው የሚለየው።
ከጀልባ ላይ ሆነህ ወደብ ላለ ሰው ስትጠራው
ንፋስ ግማሹን ቢበላው በግማሹ የሚያውቀው።
ረጅም ስም ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ይቀደዳል።
የሌላውን የሚመስል ስም የሌላውን ዕዳ ይወርሳል።
ደግሞም (ይኼን አልነገርኳትም፣ አፍሬ)
ከትልልቆቹ የእንጨት ፊደላት «አ» ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፤
ሦስተኛዋን አንድ ክረምት ብርድ ነው ያስነደደኝ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል» አልኳት፤ «የኛው ግን
ወይ ዝናብ ፈርቷል፣ ወይ ትኬት አጥቶ ማዶ ቀርቷል እስካሁን።»
«እኔ መስኮቱ ላይ ሳለሁ» አለች፣ «መልአክ በነፃ ነበር የሚያልፈው።»

ስልሳ ቅጂ አተምን፣ ራስጌዋን ነጭ ትተን፣
«ስሟ በመንገድ ይድረስባት» ብለን።
አንዷ በዝናብ ራሰች፤ ዓሣ ተጠቀለለ በአንዷ፤
አንዷን የኖልፋ ልጅ አጣጥፎ አንሳፈፋት በጓዳ።

ሁለተኛው ሳምንት አልቆ ሦስተኛው ሲጀምር ግን
ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ሴቶች፣ መረብ የተሸከሙ ወንዶች
የቤቷን መስኮት አንኳኩ፣ ያው የድሮው መስኮት ይመስል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ጀልባዋ የጠየቋትን ቃል፦
«ደረሰች?»
«ኤዱቪና፣ ደረሰች?»
   «ኧረ እስካሁን አልደረሰችም ወይ?»

በነጋው ሱቄን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፣
ደብተር የለ፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ እንዳትፈስ ፈርታ ያፈነቻት።

ፊደሎቹን ለቀምኩ። «አ» የለባትም፣ ተመስገን።
ግን ጥያቄ ናት። በቋንቋችን ጥያቄ ሁለት ምልክት ይሻል፤
አንዱ ከኋላ ይቆማል፣ አንዱ ከፊት ይዘቀዘቃል።
እኔ ጋ ያለው አንድ። በትልቁ ፊደል ማን ይጠይቃል?
ሐራጁም፣ ሞቱም፣ ምርጫውም በነጥብ ነው የሚያበቃ።

ስለዚህ ወረቀቱን ሁለቴ አሳለፍኩት፣
መጀመሪያ ገልብጬ፣ ቀጥዬ አቃንቼ ጫንኩት።
አልገጠመም። የፊተኛው ከመስመሩ ከፍ ብሎ ቀረ፣
   ገና ከወደቡ ያልታሰረ
   ነገር መስሎ።
«ላስተካክለው?» አልኳት።
መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ ደግማ አየችና
«ተወው» አለች፤ «እየመጣች ነው ገና።»